የጠዋቱ ክኒን

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴና ለነፍስ አባቴ ለቄስ አካለ ወልድ
አምበር

የጥምቀቱ በረከት እናንተን አዳርሶ የተረፈው ወደ እኔም ይምጣ። ከዚህ ሆኜ መስቀልዎን ተሳልሜ፣ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ግን ስልኩ ልጅዎ ወለላ እጅ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ “እንዳላማው ነው?” እያለ ይሰበሰባል። የምጠይቅዎ ነገር ሰው በተሰበሰበበት የሚጠየቅ አይደለም። ስለዚህ እንደ ድሮው በፖስታ ጻፍኩ።

እንደሚያውቁት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። የምሠራበት መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ሽንቴን መያዝ አቅቶኛል። በኅዳር አንድ ቀን ሰው ሞልቼ እየሄድኩ አቁሜ ወረድኩና ነዳጅ ማደያ ጀርባ ሮጥኩ። ስመለስ አንዲት አሮጊት በመስኮት እያየችኝ ነበር። ያን ቀን እንዴት ነድቼ እንደጨረስኩ አላውቅም።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደም ወሰዱና የፕሮስቴት ዕጢህ ያሠጋል፣ ቁጥሩ ከፍ ብሏል አሉኝ። ከዚያ ሐኪሙ ቅጽ አውጥቶ “አባትህ በምን ሞተ?” አለኝ። በብርድ ነው አልኩት። “ብርድ ማለት ምን ማለት ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ሲያርፍ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቁይ ከተማ እማር ነበር፤ ደርሼ ያየሁት አፈሩን ነው። እርስዎ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከአጠገቡ አልተለዩም። ቅጹ ላይ ያ ቦታ ባዶ ቀርቷል።

ከዕጢው ሥጋ በመርፌ ናሙና መውሰድ ሳያስፈልግ አይቀርም ብለውኛል። መርፌው በየት በኩል እንደሚገባ ለነፍስ አባቴ ለመጻፍ አፍራለሁ። እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። ከዚህ የሚላክ ነገር ካለም ይዘዙኝ።

ልጅዎ እንዳላማው አምሳሉ

አምበር
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንዳላማው

መሪውን የያዙ እጆችህን እግዚአብሔር ይባርክ። የምታሳፍራቸውንም በሰላም የምታወርድ ያድርግህ። እኛ ደህና ነን፤ ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን ጣራው ተጠግኗል፤ ሰኞ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል።

ስለ አባትህ የጠየቅኸኝ ያው እንደተባለው ነው፤ ብርድ ነው። ያኔ ሐኪምም መድኃኒትም በቅርብ አልነበረም። ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

እኔም ዘንድሮ ሽንቱ አስቸግሮኛል። ካህን ከቅዳሴ መካከል ጥሎ አይወጣም፤ ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልቀምስም፤ እንዲያም ሆኖ እግሬን አቆላልፌ የማሳልፈው ቀን አለ። የጤና ጣቢያው ልጅ ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ላከኝ፤ ደም ወስደው ተመልሰህ ና ብለውኛል። ቀላል ነገር ነው። አንተ ለራስህ አስብ።

መነጽር አለኝ፤ ምንም አትላክ።

አጎትህ ቄስ አካለ ወልድ

በርገን
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምዎ፤ እኔንም በጸሎትዎ ያስቡኝ። እዚህ ቀኑን ሙሉ ይዘንባል፤ የአውቶቡሱ መስታወት ጠራጊ ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም።

“ቀላል ነገር ነው” ያሉኝ አልተዋጠልኝም። ለቀላል ነገር ተመልሰህ ና አይባልም። እርስዎንም ናሙና እንውሰድ ብለው ከሆነ ይንገሩኝ።

የእኔ ቀጠሮ ሚያዝያ 30 ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ሥራ ቦታ አንድ አብሮኝ የሚነዳ ሰው ናሙናውን ከሰጠሁ በኋላ ሁለት ሳምንት መቀመጥ አቃተኝ ብሎ ነገረኝ። እኔ እንጀራዬ መቀመጥ ነው። እርስዎ ቀድመው ካደረጉት ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። ያምማል ካሉኝ ያምማል ብዬ እሄዳለሁ፤ ተው ካሉኝም እተዋለሁ። እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።

ስለ አባቴ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ሐኪሙ “ብርድ” የሚባል በሽታ የለም ይላል።

እንዳላማው

አምበር
ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እንዳላማው

በያለህበት ሰላም ሁን። ጽሑፌ ካላማረህ ይቅር በለኝ።

ናሙናውን መጋቢት 11 ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ታምሜ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ። መቅደስ ገና አልገባሁም። ስለ ሕመሙ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አንተ በቀጠሮህ ቀን ሂድ።

ምንም አትላክ ብዬህ ነበር። ካላስቸገረህ ሦስት አራት የውስጥ ሱሪ ላክልኝ። ጥቁር ይሁን። ነጭ አይሁን።

ቄስ አካለ ወልድ

በርገን
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ስድስት ጥቁር የውስጥ ሱሪ ልኬያለሁ፤ ለብቻው ነው የሚደርስዎ።

ዕድሜዎን ሙሉ ነጭ ለብሰው የኖሩ ሰው ጥቁር የውስጥ ሱሪ ሲጠይቁኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወለላ ዘንድ ደወልኩና ከቤት ውጪ እንድታናግረኝ አደረግሁ። መጀመሪያ አልናገርም አለች፣ በኋላ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችኝ።

ናሙናውን በሰጡ በሦስተኛው ቀን ጥርስዎ እስኪንገጫገጭ እንዳንቀጠቀጠዎ፣ ሦስት ጋቢ ተደርቦም እንዳልሞቀዎ፣ መንገዱ ተዘግቶ ግማሽ ቀን እንደጠበቃችሁ፣ ማርቆስ ስትደርሱ ሰው መለየት አቅቶዎት እንደነበረ ነገረችኝ። ዘጠኝ ቀን ተኝተዋል። ሽንትዎ ተዘግቶ በቱቦ ነው የወጣው። ደም እስከ ዛሬ አልቆመም። ደም የሚወጣው ካህን መቅደስ ስለማይገባ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያስቀድሱት። ይህን ሁሉ “ጥቂት ታምሜ ነበር” ብለው ጻፉልኝ።

“ሐኪሞቹ ናቸው ያበላሹት” ትላለች ወለላ። ጎረቤታችሁ ጌቱም እንደኛው ሽንቱ እያስቸገረው ናሙና ስጥ ተብሎ ነበር አሉ፤ እርስዎን ሲያይ የቀጠሮ ወረቀቱን ቀዶ እሳት ውስጥ ጣለው። እኔ አልፈርድበትም።

የእኔ ቀጠሮ ነገ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሰርዤዋለሁ። ጸሐፊዋ ሌላ ቀን ልስጥህ ወይ አለችኝ፤ አይ፣ ይቅር አልኳት። በእርስዎ አልተቆጣሁም። ደክሞኛል፤ ሌላ ምንም አይደለም። በመስመሬ ላይ ሽንት ቤት ያለባቸውን ሱቆች በሙሉ ለይቼ አውቄያለሁ፣ እንዲሁ እኖራለሁ።

እንዳላማው

አምበር
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንዳላማው

ጠባቂ መልአክህ ከአውቶቡስህ አይውረድ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አርባ ቀን ሆኖታል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ሱሪዎቹ ደርሰውኛል፤ ልኬ ናቸው፤ ግን ደሙ ግንቦት አጋማሽ ላይ ቆመ። እንዲያው ለአዲስ ዓመት እለብሳቸዋለሁ።

ከአባትህ ልጀምር። ወንድሜ አምሳሉ የሞተው በብርድ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ሽንቱን እያማጠ ኖረ። በመጨረሻው ክረምት ወገቡን ያዘው፤ ጎኑን ስናገላብጠው የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። ደምም ነበረው። ጨርቁን ወንዝ ወርጄ የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ እናትህ እንኳ አላየችም። ጠያቂው ምን አመመው ሲል ብርድ ነው እንላለን፤ የዚያን ቦታ ስም በሴትና በልጅ ፊት ማን ይጠራል። ሊያርፍ ሲል እጄን ይዞ “ልጆቼ በዚህ አያስቡኝ” አለኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ቃሉን ጠበቅሁለት። አንተ ሃምሳ አራት እንደሞላህ ሳስብ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ናሙናው ደግሞ እንዲህ ነው። በጎንህ ያስተኙሃል፣ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ። ለእኔ ያደረገችልኝ ልጅ እግር ሐኪም ናት። ጓንቷን ከማጥለቋ በፊት መስቀሌን ተሳለመች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሀፍረት አንተው አስበው። አውራ ጣት የሚያህል መሣሪያ በመቀመጫህ ይገባል። ይከብዳል፣ ደጅ መውጣት የፈለግህ ይመስልሃል። ማደንዘዣው ትንሽ ያቃጥላል። ከዚያ መርፌው በወጣ ቁጥር ጧ ይላል፤ ሰውነትህ ይደነግጣል እንጂ ሕመሙ ከጥርስ መነቀል አይብስም። አሥራ ሁለት ጊዜ ነው ስትለኝ በሐዋርያቱ ስም መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ይሁዳን ልቁጠር ወይስ ማትያስን ስል አለቀ።

ሁለት ሦስት ቀን መቀመጥ ያስቸግራል፤ ትራስ ላይ ትቀመጣለህ። ሽንትህ ይቀላል፣ ሰገራህም ላይ ደም ይታያል። ከሚስትህ ጋር ስትሆንም ለሳምንታት ደም ታያለህ፤ ቄስ ሆኜ ይህን መጻፌ ለአንተ ስል ነው። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፣ ቀስ በቀስ ይጠፋል ብለው አስቀድመው ነግረውኛል። ካተኮሰህ ወይም ካንቀጠቀጠህ ግን ሰዓት ሳታሳልፍ ሂድ ብለውኛል። እኔ ያንንም ሰዓት አሳለፍኩ፤ ጋቢ ደርቡልኝ ብዬ ተኛሁ።

አሁን ወደማልፈልገው ልምጣ።

ከናሙናው አንድ ቀን ቀድሞ የሚጀመር ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እህል ቀምሶ። መርፌው ሰገራ በሚያልፍበት ስለሚገባ ቆሻሻው ወደ ደም እንዳይሄድ የሚከላከለው ይህ ክኒን ነው ብለው አስረድተውኛል። በደንብ ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን ሁዳዴ ነው፤ የዚያ ሳምንት ተረኛ ቀዳሽ እኔ ነኝ። በሁዳዴ ቅዳሴው የሚገባው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እስኪያልቅ ድረስ በቀዳሹ አፍ ውኃ እንኳ አይገባም። ተራዬን ለሌላ ካህን መስጠት እችል ነበር። ምን ሆንክ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ብዬ ተውኩት። የጠዋቱን ክኒን በመሐረቤ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ቀደስኩ፤ ማታ ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥኩ። በማግስቱም በባዶ ሆዴ ነው ማርቆስ የሄድኩት፤ የዚያንም ጠዋት ክኒን አልወሰድኩም። ነርሷ “አባ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስደዋል?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት።

መስቀል በእጄ ይዤ ነው አዎ ያልኳት፣ እንዳላማው። አልወሰድኩም ብላት ኖሮ ቀኑን ታዛውረው ነበር፤ ሌላ ምንም አይመጣብኝም ነበር። እኔን ሐኪም አላበላሸኝም። ወለላ ሐኪሞቹን ስትራገም አጠገቧ ተኝቼ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ጌቱ ወረቀቱን ቀደደ ሲሉኝ ዝም አልኩ። አንተ ሰረዝኩ ብለህ ስትጽፍልኝም ይኸው አርባ ቀን ዝም አልኩ።

ደጀ ሰላም መቀመጤን ያየ ሰው ክህነቱ በሴት ፈርሶ ነው ማለቱንም ሰምቻለሁ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ቱቦ ተሰክቶልኝ። ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር። ይልቁንስ ሐሜቱ ቀለለኝ፤ የክኒኑን ነገር ከሚያውቁብኝ ያንን ቢያስቡ ተመኘሁ። ደሙ ከቆመ አርባ ቀን ገደማ ሆኖታል፤ ግን ዛሬም መቅደስ አልገባሁም። አሁን የሚያስቀረኝ ደሙ አይደለም።

የናሙናው ውጤት ከሁለት ወር በኋላ መጣ። በሽታው አለብኝ፤ ነገር ግን የሚያዘግም ዓይነት ነው፣ በየሦስት ወሩ ደም እየሰጠህ እንጠብቀዋለን አሉኝ። ያን ሳልሰጥ ብቀር አላውቅም ነበር።

ሰው ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፤ እኔ ለነፍስ ልጄ ተናዘዝኩ። ሥርዓቱ ተገልብጧል፣ ግን ልብ ካለህ ስማኝ። ቀኖና እሰጥሃለሁ። ስግደት አይደለም። ነገውኑ ደውለህ ሌላ ቀን ተቀበል። ክኒን ከሰጡህ በተባለው ሰዓት፣ እህል በልተህ ዋጥ። ፍልሰታም ቢሆን፣ ረቡዕም ቢሆን፣ ዓርብም ቢሆን ለዚያ ቀን ጾሙን ፈትቼልሃለሁ። ሲጠይቁህ እውነቱን ንገራቸው። ይህን ሳትፈጽም ለቅዱስ ቁርባን አትቅረብ።

አጎትህ አካለ ወልድ

በርገን
ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ

ዘመኑን የሚያቀዳጅ አምላክ አዲሱን ዓመት በጤና ያስጀምርዎ።

ደብዳቤዎን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ አራት ቀን አልከፈትኩትም። እጅግ ተቆጥቼብዎ ነበር። በአምስተኛው ቀን አውቶቡሱን አቁሜ ስወርድ ያቺው አሮጊት ተሳፋሪ ነበረች፤ ስመለስ “ልጄ፣ ሐኪም አየህ ወይ?” አለችኝ። የማታውቀኝ ሴት ናት። በዚያው ቀን ደወልኩ።

ነሐሴ 6 ቀን ሰጡኝ። ሚያዝያ 30 ሊሆን የሚችለው በሦስት ወር ከስድስት ቀን ዘገየ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ግን አልቆጥረውም። ፍልሰታ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዳቦና እንቁላል በላሁ፣ ክኒኑን ዋጥኩ። እንቁላሉ አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ የእርስዎን ቀኖና እያሰብኩ አወረድኩት። ነርሱ በሰዓቱ ወስደሃል ወይ ሲለኝ ሰዓቱን ከደቂቃው ጋር ነገርኩት።

ሐዋርያቱን ለመቁጠር ሞክሬ ከአራተኛው በኋላ ስማቸው ጠፋኝ። ስለዚህ የአውቶቡስ ፌርማታዎቼን ቆጠርኩ። አሥራ ሁለተኛው ፌርማታ ነዳጅ ማደያው ነው። ሦስት ቀን ትራስ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደሙንም አየሁ፤ የጻፉልኝ ስለነበረ አልደነገጥኩም። ትኩሳት አልነካኝም።

ውጤቱ ትናንት መጣ። አለ። የእኔ እንደ እርስዎ የሚያዘግም አይደለም፤ ግን ከዕጢው አልወጣም። በኅዳር ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል። ያ ቅጽ እንደገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባትህ በምን ሞተ ለሚለው የጻፉልኝን ነገርኩት፤ ሐኪሙ ጻፈው። አባቴ በዚህ አያስቡኝ ማለቱን አውቃለሁ። እኔ ግን ከሞተ ወዲህ እንደ ትናንቱ አስቤው አላውቅም። ወደ ቤት ስሄድ አለቀስኩለት።

እኔ ካህን አይደለሁም፤ ለእርስዎ ቀኖና መስጠት አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጌቱስ?

ልጅዎ እንዳላማው

አምበር
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንዳላማው

ኅዳርን በሰላም አሳልፎ ያሳየኝ። ውጤትህን ከሰማሁ ቀን ጀምሮ ስምህን በጸሎት ስጠራ ነው የሰነበትኩት፤ የክርስትና ስምህን።

ደብዳቤህ መስከረም 15 ደረሰኝ። ሁለት ቀን አሳልፌ ጌቱ ዘንድ ሄድኩ። አጥሩ ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር፤ ከስቷል። ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት፣ የአባትህንም። ሲሰማ እጁ መግመዱን አላቆመም። ስጨርስ ገመዱን መሬት አስቀመጠና “ታዲያ አባ፣ እኔን ስድስት ወር ምን አድርግ ብለው አስቀመጡኝ?” አለኝ። ይቅር በለኝ አልኩት። ገመዱን መልሶ አነሳ። እንደገና ይቅር በለኝ ስለው እግዚአብሔር ይፍታዎ አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለወለላም በዚያው ምሽት ነገርኳት። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ ያም የሚገባኝ ነው።

በሳምንቱ ጌቱ ራሱ መጣ። ማርቆስ መኪናው በስንት ሰዓት ይነሳል አለኝ። አብሬው ሄድኩ። ለኀሙስ ጥቅምት 13 ቀጠሩት፤ ክኒኑን ከረቡዕ ጠዋት ጀምር አሉት።

እኔ ደግሞ ለራሴ የነፍስ አባት ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜ ነበር። ጥቅምት 12 ሚካኤል ነው፤ ግባና ቀድስ ብለውኝ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ ሰባት ወር ደጅ ቆሜያለሁ። ወለላ ልብሴን አጥባ ካስቀመጠችልኝ ሳምንት ሆኗታል። ያን ቀን እንዴት እንደጠበቅሁት አልነግርህም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ በጌቱ ደጅ ነበር መንገዴ። ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሚስቱ ዳቦውን በሰሀን ይዛለች። እናቱ፣ ሁለት ጎረቤቶችም አሉ። ረቡዕ ነው፣ ሚካኤልም ነው፣ የቅዳሴው ደወል ተደውሏል፣ እሱም በዕድሜው ረቡዕ ጠዋት እህል ቀምሶ አያውቅም። ጾሙን ፈትቼልሃለሁ አልኩት። አውቃለሁ አባ አለኝ፤ ግን አልዋጠውም። “ከቅዳሴው በኋላ ብወስደውስ?” አለ።

መሐረቤን አስታወስኩ። እንደዚያ ነበር የጀመረው።

ከሰሀኑ ዳቦውን አነሳሁ፣ ባረክሁ፣ ቆረስኩና እኔ ቀድሜ በላሁ። እንዲያዩ ብዬ ጨርሼ ዋጥኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለጌቱ ሁለተኛውን ቁራሽ ሰጠሁት፤ እሱም በላ፣ ክኒኑንም ወሰደ። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ነበር።

ከዚያ ሚካኤል ወጣሁ፤ እህል ስለቀመስኩ መቅደስ አልገባሁም። የታጠበውን ልብሴን በብብቴ ይዤ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ በለመድኩት ቦታ ተቀምጬ አስቀደስኩ። ሰው አየኝ። አሁን የሚያወራው ሌላ ነገር ነው፤ ረቡዕ ጠዋት በላ ይላል። እውነት ነው፣ በልቻለሁ።

ጌቱ ናሙናውን ከሰጠ ሳምንት ሆነው፣ አላተኮሰውም። ትራሴን ወስዶብኛል።

አጎትህ አካለ ወልድ